የቲቸር ቢየል ግራ እጅ

ልጅ እያለሁ የማውቀው ፒያኖ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ክረምት ሲገባ ያብጥ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አንድ ረጅም አዳራሽ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዝናብ ሲጀምር እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ነጫጭ ቁልፎቹ አንዴ ከተጫኑ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በጣት ካላነሷቸው አይነሱም። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ድምፁ ሁሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ያረጀ እንጨትና አቧራ፣ ጣራው ሥር የሚኖሩት የሌሊት ወፎች፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ዛፉ ሥር ወድቆ በሙቀት የሚፈላ ማንጎ።

የተወለድኩት ከተማው ውስጥ አይደለም። አቦቦ አካባቢ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው ያደግሁት። አባቴና እናቴ ገና ወጣት ሳሉ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ በቆሎና ማሽላ ያበቅላሉ። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ፣ አምስተኛ ስደርስ ጋምቤላ ወደምትኖረው ወደ እናቴ እህት፣ ወደ አክስቴ ወርቄ ላኩኝ። አክስቴ ልጅ አልነበራትም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ በማጠብ ነበር የምትተዳደረው። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት አንሶላ በማስጣት አግዛታለሁ።

የጋምቤላን ከሰዓት ያየ ያውቀዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ከተማው በሙሉ ይተኛል። ፍየሎቹ ግድግዳ ተጠግተው ይቆማሉ፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ከወንዙ የሚመጣው የልጆች ጫጫታ እንኳ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። እኔ በነጫጭ አንሶላዎች መካከል እየተመላለስኩ ግማሽ ነቅቼ ግማሽ ተኝቼ ነው የምሠራው። በዚያ እንቅልፍ በሚመስል ሰዓት ነበር ከአዳራሹ ድምፅ የሚሰማኝ። አንድ በአንድ የሚንጠባጠብ ዜማ ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከሥሩ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሚጎድለው አላውቅም ነበር። ብቻ በሰማሁት ቁጥር የጠማኝ ይመስለኛል።

የሚጫወቱት ቲቸር ቢየል ነበሩ። በትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም የኑዌር ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ካርቱም ውስጥ በአንድ ሆቴል ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። የግራ እጃቸው ጣቶች ግን መዳፋቸው ውስጥ ታጥፈው የቀሩ ነበሩ። እኛ ተማሪዎች አዞ ነክሷቸው ነው እንባባል ነበር፤ አዞ የማይገባበት ወሬ አልነበረንምና። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ የጭነት መኪና በር ነው የተዘጋባቸው።

አንድ ቀን መስኮቱ ላይ አገጬን አስደግፌ ሳዳምጥ አዩኝ።

"አንተ፣ ና" አሉኝ።

አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው። ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነበር የሚሉት። ከጎናቸው አስቀመጡኝና ግራ እጄን ይዘው ሦስት ጣቶቼን ሦስት ነጫጭ ቁልፎች ላይ አሳረፉ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል።

"አንድ ላይ። ቀስ ብለህ።"

ተጫንኩ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ያንን ዜማ ከላይ ጀመሩት፤ አዳራሹም ድንገት ሰፋብኝ። ሲጎድል የነበረው እሱ ነበር። ቲቸር ቢየል መጫወታቸውን አቁመው ለረጅም ጊዜ እጄን ተመለከቱ። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቆበት ነበርና አፈርኩ። እሳቸው ግን "ነገ ና" ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጃቸው ሆንኩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መገልበጥን ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ካስያዙኝ በኋላ ዶን ከሥር አንስተው ከላይ አደረጓት፤ ሚ፣ ሶል፣ ዶ ሆነ። ቀጥለው ሚን አነሷት፤ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ሆነ። ሦስቱም ያው አንድ ኮርድ፣ አንድ የድምፅ ቡድን ናቸው ሲሉኝ አላመንኳቸውም። አንዱ ቁጭ ያለ ይመስላል፣ ሌላው ለመነሳት የተዘጋጀ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚንሳፈፍ።

"ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ስንት ልጅ አለ?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"ቦታ ቢቀይሩ ሌላ ልጆች ናቸው?"

"አይደሉም።"

"በቃ። ቦታ ቀየሩ፣ ስም አልቀየሩም።"

ቀጥለው በአራት ጣት አራት ቁልፍ መያዝ አስተማሩኝ፤ ያኔ ነው "ጃዝ" የሚለውን ቃል የሰማሁት። ብዙ ጊዜ ጃዝ የካርቱም ጓደኛቸው ስም ይመስለኝ ነበር። "ጃዝ እንዲህ አይወድም፣ ጃዝ ቀስ ነው" ሲሉኝ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰውዬ ይታየኛል። ኮርዶቹን በቁጥር ነበር የሚጠሯቸው። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ። "ሁለት" ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። ከሱ ወደ "አምስት" ለመሄድ እጄን አንስቼ ሩቅ ስዘል ቀስ ብለው ይይዙኛል።

"ሩቅ አትሂድ። ጎረቤት አለ።"

እውነትም አለ። ትንሿ ጣቴና ከአጠገቧ ያለችው ሬና ፋ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሌባ ጣቴና አውራ ጣቴ ብቻ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይወርዳሉ፣ "አምስት" ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ወራጆቹ ባሉበት ይቆዩና ሁለቱ ቆይተው የነበሩት ይወርዳሉ፤ "አንድ" ይሆናል። እጄ ከቦታው ሳይነሳ ደረጃ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። "አንድ" ላይ ስንደርስ ቲቸር ቢየል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም እጨፍናለሁ። ውጭ አንሶላው ደርቆ እንጨት እስኪሆን እዚያው እንቀመጣለን፤ አክስቴ ወርቄ ስትጣራ እንደ ውሃ ውስጥ ነው የምትሰማኝ።

ፒያኖው የሚፈቀድልን በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነበር። የቀረውን ጊዜ ያገኘሁት ነገር ሁሉ ፒያኖዬ ነው። የልብስ ማጠቢያው ጠርዝ፣ የክፍሌ ዴስክ፣ ባሮ ዳር ስንቀመጥ የራሴ ጉልበት። ጓደኞቼ ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ ተራዬ እስኪደርስ አሸዋው ላይ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ እላለሁ። ጣቶችሽ ምን ሆነው ነው የሚወራጩት ትለኝ ነበር አንዷ።

ለምን እንደዚያ እንደሚደክሙልኝ የነገሩኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ቲቸር ቢየል ካርቱም ሳሉ ኛማል የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ከሰዓት በባዶው ሆቴል ሲለማመዱ ሚስታቸው ሕፃኗን በጓሮ በር ይዛ እየገባች ፒያኖው ሥር ጨርቅ አንጥፋ ታስተኛት ነበር። ያ ዜማ እዚያ የተሠራ ነው፤ ልጅቷ እንድትተኛበት። ኛማል ሁለት ዓመት ሲሆናት እሳቸው ብቻቸውን ሥራ ፍለጋ ወደ ጋምቤላ መጡ፤ መንገዱም ከኋላቸው በጦርነት ተዘጋ። ሚስታቸው ሞተች። ልጅቷ ከዘመድ ዘመድ ስትዘዋወር ኖራ፣ በኢታንግ በኩል ካሉት የስደተኞች መጠለያዎች በአንዱ መኖሯን ከዚያ የመጣ ሰው ነገራቸው። በሰው ተላልከው ለመገናኘት ቀን ቆረጡ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያው አዳራሽ።

"እኔን አያውቅም" አሉኝ ስለ ልጃቸው። "ሙዚቃውን ያውቃል።"

ቅዳሜዋ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት አባቴ መጣ። እየተለማመድን ሳለ ቀና ብል የገለባ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ለገበያ የመጣ የመንደራችን ሰው "ልጅህ ጴንጤ ሆናለች፣ አዳራሻቸው ውስጥ ትዘምራለች" ብሎ ነግሮታል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጮኸም፣ አልመታኝም። ቲቸር ቢየልን በአክብሮት እጅ ነሳና "ነይ" አለኝ። በማግስቱ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረን ወደ መንደር ተመለስን። መንገድ ላይ ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የአንድን ሰው ግራ እጅ ይዤበት መጥቻለሁ ተብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል? እናቴ ያስቀመጠችልኝን ሸንኮራ እንኳ አልነካሁም። ጎተራው ሥር ተቀምጬ በግንዱ ላይ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ሰነበትኩ።

ረቡዕ ዕለት ቲቸር ቢየል መጡ። ከአቦቦ ከተማ እስከ መንደራችን በእግራቸው ነው የመጡት፤ ነጭ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። "ማሌ" አሉ እንደ ልማዳቸው በኑዌር ሰላምታ፣ ወዲያው ደግሞ "ደህና ዋልክ፣ አያሌው።" አባቴ በቅጡ ከማያውቀው ሰው በስሙ መጠራቱና "አንተ" መባሉ ትንሽ ከነከነው፤ ቢሆንም በርጩማ አቀረበ፣ እናቴም ውሃ ሰጠቻቸው።

"መምህር፣ የደከሙት ለልጄ ከሆነ ይቅርብዎ" አለ አባቴ። "በሰው እምነት አልገባም። ልጄን ግን በእምነቴ ነው የማሳድጋት።"

"ጸሎት አንተ አስተምር" አሉ ቲቸር ቢየል። "እኔ ሙዚቃ ብቻ።" በቀኝ እጃቸው ግራ እጃቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "ይሄ አይሠራም። ቅዳሜ ልጄ ይመጣል። ሳየው ሁለት ዓመት ነበር፤ አሁን አሥራ ስድስት። አንድ ቀን ልጅህን ስጠኝ። ከዚያ በቃ።"

የሳቸው ልጅ ሴት መሆኗ ለአባቴ የገባው ዘግይቶ ነው። "እናቷስ?" አለ።

"ሞተ።"

አባቴ መሬቱን በእንጨት ይጭር ጀመር። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ለማናችን እንደሚናገር በማይታወቅ ድምፅ እንዲህ አለ፦

"እኛን ሲጭኑን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። መኪናው ሲነሳ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። እሷ ትየኝ አትየኝ አላውቅም። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት።"

እናቴ በእጇ የያዘችውን ጣሳ መሬት አስቀመጠች። አብራው ኖራ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ቲቸር ቢየል በርጩማቸውን ወደ አባቴ ትንሽ አስጠጉ። እንዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሳውን ሲያዩ ቆዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ተነሳና "ቅዳሜ እኔው አመጣታለሁ" አለ።

አርብ ሲዘንብ ዋለ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነበር። ቅዳሜ አዳራሹ ስንደርስ ፒያኖው ማበጥ ጀምሮ ቲቸር ቢየል ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ሲያደርቁ አገኘናቸው። አባቴ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ አማተበ፤ ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ወርቄ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጎኑ ሆነች። ኛማል መጣች። ቢጫ ቀሚስ የለበሰች፣ ልክ እንደ አባቷ በር ላይ ጎንበስ የምትል ረጅም ልጅ ናት። ተጨባበጡ። እንደ እንግዳ ነው የተጨባበጡት። ጥቂት በኑዌርኛ ተነጋገሩና ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ጀመርን። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ። መጀመሪያው ዙር ያለ ችግር አለፈ። ሁለተኛው ላይ "አምስት"ን ስጫን ሶል ገብታ ቀረች። ጣቴን ባነሳም አትነሳም። በቀጣዩ ዙር እንደገና እዚያ መድረሴ ነው፤ ሶል የሌለበት "አምስት" ደግሞ "አምስት" አይሆንም። ቁልፏን ላንሳ ብል እጄ መቋረጡ ነው፤ እጄ ከተቋረጠ ዜማው ያ የድሮው የተጠማ ዜማ መሆኑ ነው። "ሁለት"ን ይዤ ሳለሁ እጄ ራሱ አወቀ መሰለኝ። ሬና ፋን ለአውራ ጣቴና ለሌባ ጣቴ አስረክቤ ሌሎቹን ሁለቱን ወደ ታች፣ ወደ ጨለማው ድምፅ አወረድኳቸው። እዚያ ሌላ ሶል አለች፤ ከሥር ተቀምጣለች። ያው "አምስት" ነው፣ ተገልብጦ። ከሱ ወደ "አንድ" ደግሞ ያው ጎረቤት ለጎረቤት ወረድኩ። ድምፁ ከበፊቱ የጠለቀ፣ እንደ ባሮ የታችኛው ውሃ ከባድ ሆነ። ቲቸር ቢየል ዞር ብለው አዩኝና ቀኝ እጃቸውን ሳያቆሙ ሳቁ። ከአንጀታቸው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። እስከ መጨረሻው እዚያው ታች ሆነን ጨረስነው።

ሁላችንም ኛማልን ተመለከትን። ልጅቷ አባቷን እያየች በቀስታ አንድ ነገር ተናገረች። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው ተረጎሙልኝ።

"አላውቀውም አለ።"

አሥራ አራት ዓመት የተጠበቀው ይህ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ፤ ያንን ኮርድ ባልገለብጠው ኖሮ ታስታውሰው ነበር አልኩ በልቤ። ቲቸር ቢየል ፊታቸው ለአፍታ ባዶ ሆነ። ከዚያ ራሴን በቀኝ እጃቸው ዳሰሱና "ምንም አይደለም። አሁን ሰማ" አሉ።

ኛማል ተነስታ መጣች። አባቷ አጠገብ በርከክ ብላ ያችን የታጠፈች ግራ እጅ በሁለት እጆቿ ያዘቻትና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ስትለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። እንደገና ትዘረጋቸዋለች። አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። በር ላይ ለአክስቴ ወርቄ "ሰኞ ትምህርት አላት፣ እዚሁ ትቆይ" ሲላት ሰማሁት።

ኛማል እዚያው አባቷ ዘንድ ቀረች። ያ ክረምት የልጅነቴ ረጅሙ ክረምት ነው። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን እየሠራች፣ ቲቸር ቢየል እየተጫወቱ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሳይለይ ነበር የሚመሸው። መስከረም ላይ ግን አጎቷ የሚኖሩበት አገር ሰላም ሆኗል ተባለና አባትና ልጅ ተያይዘው ወደ ደቡብ ሱዳን ሄዱ። ቲቸር ቢየል ጭነት መኪናው ላይ ሆነው በቀኝ እጃቸው ሲያውለበልቡልኝ "ጎበዝ ነህ" ብለው ጮሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ዛሬ እዚሁ ጋምቤላ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ያ ፒያኖ ምስጥ በልቶት ወድቋል፤ አዳራሹም ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ወጣቶቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ አላቸው። አንዳንዴ ያስነኩኛል። ቀኝ እጄ እስከ ዛሬ አንድም ዜማ አያውቅም፤ "ዘፈኑ የታለ?" ብለው ይስቁብኛል። ልጄ በስልኩ የዓለምን ሙዚቃ ሁሉ ያገኛል፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። አልቆጣውም። እኛ አንድን ዜማ ለመስማት አንሶላ እስኪደርቅ እንጠብቅ ነበር ብዬ ብነግረው ምን ይገባዋል?

ያኔ ከኢታንግ አንድ ወሬ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ነበር። አሁን ኛማል ከጁባ ትደውልልኛለች፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ባገኘነው ቋንቋ እናወራለን። ቲቸር ቢየል ካቻምና እጇ ላይ አረፉ። እሷ የምታውቀው ሽማግሌውን አባቷን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው እሷ ያልነበረችባቸውን ዓመታት ነው። እናም ትጠይቀኛለች። ምን ይበሉ ነበር? ክፍል ውስጥ ይቆጡ ነበር? ምን ዓይነት ጫማ ያደርጉ ነበር? ባለፈው እሑድ ደግሞ "አባቴ ጠና ካለ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ አይስቅም ነበር" አለችኝ። "ያኔ እንዴት ነበር የሚስቀው?"

ልነግራት ሞከርኩ። ቃል አጣሁለት። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ትከሻዬን እየነቀነቅሁ፣ ልክ እንደሳቸው ሳቅሁላት።

"ድገሚው" አለችኝ።